ባልገባን ነገር ላይ ስለ መፍረድ፤ በዘመናዊ ሥዕልና ሐውልት ትርኢት ምክንያት የተጻፈ

የሰው ሐቀኝነት የሚፈተንባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በፍርድ ቤት ምስክሩ እውነቱን ይናገር ወይም ይሸሽግ እንደ ሆነ ይፈተናል፤ በገበያ ነጋዴው ሚዛኑን ያስተካክል ወይም ያጋድል እንደ ሆነ ይፈተናል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ የፈተና ቦታ ደግሞ አለ፤ ይኸውም ዘመናዊ ሥዕሎች ተሰቅለው፥ ዘመናዊ ሐውልቶችም ቆመው ለሕዝብ የሚታዩበት የቤተ መዘክር አዳራሽ ነው። በዚያ አዳራሽ ሰው ያልገባው ነገር ፊት ለፊቱ ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ይታያል። ያልገባውን በትዕግሥት የሚመረምር ሰው በሌላውም ኑሮው ዳኛ ለመሆን ይበቃል፤ ያልገባውን የሚያንቋሽሽ፥ ወይም እንደ ገባው አስመስሎ የሚያሞግስ ሰው ግን ዛሬ የበደለው ሸራና ቀለም ቢሆን ነገ የሚበድለው ሰውን ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ ሠዓሊዎች እንድትሆኑ ብዬ አይደለም፤ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም። ነገር ግን ማየትም እንደ ንባብ የሚማሩት ነገር መሆኑን፥ በማየት ውስጥም ፍርድ እንዳለበት፥ ፍርድ ባለበትም ሁሉ ጽድቅና ኃጢአት እንዳለ እንድትረዱት ነው።

ወደ እንዲህ ያለ ትርኢት የሚገባውን ሕዝብ ያስተዋለ ሰው ሦስት ዓይነት ተመልካቾችን ይለያል። አንደኛው ገና ከበሩ ሲገባ ይሥቃል፤ «ይህንንማ የስድስት ዓመት ልጄም ይሠራዋል» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃያውን ሥዕል በሩብ ሰዓት ጨርሶ ሲወጣ ስለ ሥዕሎቹ አንዳች ሳያውቅ በራሱ ብልኅነት ግን ብዙ ተደስቶ ይወጣል። ሁለተኛው ከጎኑ የቆመውን ሰው ፊት እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ ቃሎቹን መልሶ ይደግማቸዋል፤ «ድንቅ ነው፥ ጥልቅ ነው» ይላል፤ ምኑ እንደ ደነቀው ቢጠይቁት ግን መልስ የለውም። ሦስተኛው ከአንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ዝም ይላል፤ ቀረብ ይላል፥ ራቅ ይላል፤ ቆይቶም «ይህ ቀለም ያሳዝነኛል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ገና አላወቅሁም» ይላል። ከሦስቱ ጥቂት የተናገረው እርሱ ቢሆንም፥ ከሦስቱ የተማረው እርሱ ነው።

ዘባቹ ዘወትር የሚያነሣው አንድ ክርክር አለ፤ «ሥዕል ነገሩን መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ ሥዕል አይደለም» የሚል ነው። ክርክሩ ከንቱ አይደለምና መልስ ይገባዋል። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሠዓሊ የሚመሰገነው የልብሱን እጥፋት፥ የፊቱን ጥላ፥ የሩቁን ተራራ ማነስ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ ሲያሳይ ነበር። ነገር ግን በ1839 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም ተገለጸ። መልክን መቅዳት መኪና የሚፈጽመው ሥራ ሲሆን ጊዜ ሠዓሊው «እንግዲህ ለእኔ የቀረልኝ ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አልቀረም። ከመልሶቹም አንዱ፥ መኪናው የማያየውን፥ ማለት ሐዘንን፥ ፍርሃትን፥ የበረራን ፍጥነት፥ የጸጥታን ክብደት ልሣል የሚል ሆነ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም፥ ዘመናዊ ሥዕል ከምንለው ብዙው ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህም አሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ከአባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፊት ቁሙና አስተውሉ። ጻድቁ ሰው ፊቱ በሙሉ፥ ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ተመልካቹ አቅንተው ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ በጎን፥ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። ሠዓሊው ይህን ያደረገው ክፉ ሰውም ሁለት ዓይን እንዳለው ስላላወቀ አይደለም፤ መልክን ሳይሆን ትርጉምን መሣል ስለ ፈለገ ነው። ዋነኛው ሰው ከሌሎቹ ገዝፎ ይታያል፤ ከበስተኋላውም ተራራና ዛፍ በመዘርዘር ፈንታ አንድ ወጥ ቀለም ይሞላል። ይህን አይቶ «ሰው አይመስልም» ብሎ የሚሥቅ ምእመን የለም፤ ንባቡን ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሮታልና። እንግዲህ «ካልመሰለ ሥዕል አይደለም» የሚል ኢትዮጵያዊ የሚጣላው ከዘመናዊው ሠዓሊ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ አባቶቹ ጋር ነው።

ይህ ክርክር በአንድ ወቅት በእውነተኛ ፍርድ ቤት፥ በእውነተኛ ዳኞች ፊት ቀርቦ ነበር። ታሪኩ ለወጣቶች የሚጠቅም ነውና ልንገራችሁ። ኮንስታንቲን ብራንኩዚ የተባለ፥ በሩማንያ ተወልዶ በፓሪስ የሚኖር ሐውልት ቀራጭ «ወፍ በሕዋ» የሚል ስም ያለው ሥራው በ1926 ወደ ኒውዮርክ ተላከ። ሥራው ከነሐስ የተሠራ፥ እንደ መስተዋት እስኪያበራ የተወለወለ፥ ቀጭንና ረጅም፥ ወደ ላይ ተመዝዞ የሚሄድ ቅርጽ ነው፤ ራስ የለውም፥ ክንፍ የለውም፥ ላባ የለውም። የአሜሪካ ሕግ የጥበብ ሥራ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። የጉምሩክ ሹማምንት ግን ይህን ነሐስ አይተው «ይህ ሐውልት አይደለም» አሉ፤ ከወጥ ቤት ዕቃና ከሆስፒታል መገልገያ ክፍል ቈጥረውም ከዋጋው 40 በመቶ ቀረጥ ጣሉበት። ሐውልቱን የገዛው ኤድዋርድ ስታይከን የተባለው የታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ነገሩም ወደ ጉምሩክ ፍርድ ቤት ሄደ።

ምስክሮች ተሰሙ። ስታይከን ይህን ነገር በዱር ቢያየው ወፍ ነው ብሎ ይተኩስበት እንደ ሆነ ተጠየቀ፤ እንደማይተኩስ በግልጽ መለሰ፤ ወፍን ባይመስልም ግን በልቡ የወፍ ስሜት እንደሚያሳድርበት አስረዳ። ጄኮብ ኤፕስታይን የተባለው ቀራጭ ደግሞ በጥንት ዘመን በግብጽ የተሠራ የጭልፊት ቅርጽ አምጥቶ አሳየ፤ በዚያም ላባውና እግሩ በዝርዝር ሳይቀረጽበት ጭልፊት መባሉ አልቀረም ነበር። ፍርዱ በኖቬምበር 1928 ተሰጠ። ዳኞቹ የቀደመው የሕግ ትርጓሜ ሐውልት የተፈጥሮን መልክ መምሰል አለበት ይል እንደ ነበር አስታወሱ፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ነገርን መቅዳት ትቶ ረቂቅ አሳብን ለመግለጽ የሚጥር አዲስ የጥበብ መንገድ መነሣቱን ተመለከቱ። ይህን መንገድ ወደድነውም አልወደድነውም መኖሩን መካድ አንችልም አሉ። ነሐሱን ከወፍ ጋር ማዛመድ ቢያስቸግርም ለዓይን ያማረ መሆኑን መስክረው፥ ያለ ቀረጥ ይግባ ብለው ፈረዱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዳኞቹ የብራንኩዚ ወዳጆች አልነበሩም፤ በቤታቸው ሊያቆሙት የሚመኙትም አይመስልም። የፍርዳቸው ታላቅነት የገዛ ምርጫቸውን ለነገሩ ሚዛን አለማድረጋቸው ነው። «እኔ አልወደድሁትም» እና «ዋጋ የለውም» የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ለይተው አወቁ። ይህን የለየ ሰው በሥዕል ብቻ ሳይሆን በሰውም ላይ በትክክል ሊፈርድ ይችላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። ከዚህ ፍርድ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በጁላይ 1937፥ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የናዚ መንግሥት «የተበላሸ ጥበብ» የሚል ስም የሰጠውን ትርኢት ከፈተ። ከ32 የጀርመን ቤተ መዘክሮች የተነጠቁ ከ650 የሚበልጡ ሥዕሎች፥ ሐውልቶችና የኅትመት ሥራዎች በጠባብ ክፍሎች ውስጥ ታጭቀው ተሰቀሉ። አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ ያለ ሥርዓት ተሰቅለው ነበር፤ በግድግዳውም ላይ የፌዝ ቃል ተጻፈባቸው። ከብዙዎቹ ሥዕሎች አጠገብ ቤተ መዘክሮቹ የከፈሉት ዋጋ ተለጠፈ፤ ብዙው ዋጋ ግን የጀርመን ገንዘብ ከንቱ በሆነበት በኑሮ ውድነት ዘመን የተከፈለ ስለ ነበር ቁጥሩ እጅግ የበዛ መሰለ፤ ይህንንም ለሕዝቡ ያስረዳው አልነበረም። የታሰበው ሰው ሥዕሉን እንዲያይ አልነበረም፤ ሰው እንዲሥቅና እንዲቈጣ ነበር። መግቢያው በነጻ ነበርና ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በሙኒክ ብቻ ገብቶ አየው።

ለዚህ ትርኢት በወጣው መጽሔት ሽፋን ላይ የታተመው የኦቶ ፍሮይንድሊኽ ሐውልት ነበር፤ በ1912 የሠራው ትልቅ የሰው ራስ ነው። መሳለቂያ አድርገው ያቀረቡት ይህን ራስ ነበር። ቀራጩ አይሁዳዊ ነበርና በ1943 ከፈረንሳይ ተይዞ በፖላንድ ወደሚገኝ የናዚ ማጎሪያ ተወስዶ በዚያ ሞተ። የሐውልቱ መሳለቂያ መሆንና የቀራጩ መገደል አንድ ነገር ናቸው አልልም፤ በመካከላቸው ብዙ ሌላ ክፋት ነበረ። ነገር ግን ሕዝብ በአንድ ሰው የእጅ ሥራ ላይ አብሮ መሣቅን ከለመደ በኋላ በሰውየው ላይ ለሚደርሰው ነገር ዝም ማለት ይቀለዋል። ፌዝ ብቻውን ሲሆን ቀልድ ነው፤ ከብዙ ሕዝብ ጋር ሲሆን ግን ኅሊናን ያደነዝዛል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ በአዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲሥቅ ብታገኙት ከመሣቃችሁ በፊት ሥዕሉን እዩት። ሳቁ እውነተኛ ከሆነ ካያችሁ በኋላም ይቈያል።

በጀርመን የነበረው ሰው ሁሉ ግን የሣቀ አይደለም። ዮዜፍ ሃውብሪኽ የሚባል በኮሎኝ ከተማ የሚኖር ጠበቃ ነበር። የተነቀፉትን የዘመኑን ሥዕሎች በስብስቡ ይዞ በዚያ ክፉ ዘመን ጠበቃቸው፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም በ1946 ከተማው በፍርስራሽ ላይ ሳለ ስብስቡን ለኮሎኝ ከተማ በስጦታ ሰጠ። የፈረሰ ከተማ ዳቦና ጣራ ሲያስፈልገው ሥዕል መስጠት ለአንዳንድ ሰው ቧልት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ሰው የተነጠቀውን ነገር ሁሉ ሲቈጥር የማየትን ነጻነት አብሮ ቈጥሮታል ብዬ አስባለሁ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከ1957 እስከ 1961 የሥዕል ትምህርት የተማረው በዚችው በኮሎኝ ከተማ ነበር። በሐረር በ1932 የተወለደው ይህ ሠዓሊ የቤተ ክህነት ሰው የነበሩት የአለቃ ደስታ ልጅ ነው፤ ባለቅኔም እንደ ነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1963 በአዲስ አበባ ሥዕሎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ምስጋና ብቻ አልጠበቀውም። ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊነት የለበትም የሚል ነቀፋም ገጠመው። እርሱ ግን በሥዕል ትምህርት ቤት እያስተማረ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ከአብዮቱ በኋላ ጥበብ ለመንግሥት መፈክር አገልጋይ እንዲሆን በሚፈለግበት ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1981 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ሞተ። በጀርመን አገር ተጠብቀው የቈዩት ሥዕሎቹ ወደ አገሩ ተመልሰው፥ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። የተሰደደው ሰው በሥራው ተመለሰ ማለት ነው። አባቶቻችን ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላሉ፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ባለቤቱ ያቀለለውን ባዕድ አክብሮ አቈየልን።

«ኢትዮጵያዊ አይደለም» ለተባለው ነቀፋ ከሁሉ የሚሻለው መልስ በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕል ነው። ስቅለትን ከአባቶቻችን ሥዕል የምናውቅ ሰዎች ወደዚህ ሥዕል ስንቀርብ የለመድነውን እንፈልጋለን፤ እመቤታችንን በአንድ ወገን፥ ዮሐንስን በሌላ ወገን፥ ጦሩን፥ ችንካሩን። እርሱ ግን ይህን ዝርዝር አልሰጠንም። ቀይ ቀለም ዓይንን ይዞ አይለቅም፤ የተሰቀለው ሥጋም መልኩ ተዘርዝሮ አልተሣለም፤ ከቀዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም ያህል አልቀረውም። በዝርዝር የተሣለ ችንካር ቢኖር ዓይናችን በችንካሩ ላይ ያርፍ ነበር፤ «እንዴት አሳምሮ ሣለው» ብለን ሠዓሊውን አመስግነን እናልፍ ነበር። እዚህ ግን የምናመሰግንበት ዝርዝር አጥተን ከሕመሙ ጋር ብቻችንን እንቀራለን። ቀለምን የመልክ ልብስ ሳያደርግ የነገሩ ቃል ማድረጉ፥ ዋናውን ነገር ለማጉላት ትርፉን ማስወገዱ፥ ከሩቅ አገር የመጣ ብቻ አይደለም፤ ቀደም ብለን እንዳየነው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም መንገድ ነው። ልጁ በኮሎኝ የተማረው በአባቱ ቤት ያየውን አልሻረበትም።

ይህን ስል ግን የገብረ ክርስቶስ ሥራ ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ከረቂቅ ሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ቀለማቸው ተስማምቶ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ከዚያ አልፎ ግን በልብ የሚተክለው ነገር ጥቂት ነው። ይህን መናገር ሠዓሊውን ማዋረድ አይደለም፤ ሁሉን በአንድ ቃል «ድንቅ» ብሎ ማለፍ ነው የሚያዋርደው፤ ድንቁን ከደኅናው ያልለየለት ሰው ምንም አላየለትምና።

ስለ ዘባቹ እዚህ ድረስ ከተናገርን፥ ስለ አጨብጫቢው ደግሞ ዝም ማለት አድልዎ ይሆናል። በ2019 ማውሪሲዮ ካቴላን የተባለ ኢጣልያዊ በማያሚ ከተማ በተደረገ የጥበብ ገበያ ላይ አንድ ሙዝ በፕላስተር ከግድግዳ ጋር አጣብቆ «ኮሜዲያን» ብሎ ሰየመው። ሙዙ ሲበሰብስ በሌላ ሙዝ ይተካል። በኖቬምበር 2024 ከዚህ ሥራ አንዱ በኒውዮርክ በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ገዢውም ከጥቂት ቀናት በኋላ በጋዜጠኞች ፊት ልጦ በላው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ይህን ያህል ካወጣ አንድ ምሥጢር ቢኖረው ነው» አለ። አስተውሉ፥ ሰውየው ሙዙን አላየም፤ ያየው ዋጋውን ነው። በ1937 በሙኒክ ዋጋ የተለጠፈው ሰው እንዲንቅ ነበር፤ በ2024 ዋጋ የተነገረው ሰው እንዲያደንቅ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ገንዘብ በዓይንና በሥራው መካከል ቆሞ እንዳናይ ጋረደን። ስለ ሙዙ የእኔን ፍርድ ብትጠይቁኝ፥ በሀብታሞች ሞኝነት ላይ የተነገረ ቀልድ ነው፤ ቀልዱም መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከሰሙት በኋላ ሁለተኛ የሚመለሱበት ነገር የለውም።

እንዲህ ላለው ቀልድ አባቱ የቈየ ነው። በ1917 በኒውዮርክ ማርሴል ዱሻን የተባለ ፈረንሳዊ ከሱቅ የተገዛ የሸክላ የወንዶች መሽኛ በሐሰት ስም ፈርሞ፥ «ፏፏቴ» ብሎ ሰይሞ ወደ አንድ ትርኢት ላከ። የትርኢቱ ማኅበር ስድስት ዶላር የከፈለውን ሰው ሥራ ሁሉ ሳይመርጥ አሳያለሁ ብሎ ቃል የገባ ነበር፤ ይህ ሲመጣበት ግን ቃሉን አጥፎ ሳያሳየው ቀረ። በእኔ አስተያየት ዱሻን ያቀረበው የሚወደድ ነገር ሳይሆን «ጥበብ የሚያደርገው የእጅ ሥራው ነው ወይስ የመረጠው አሳብ?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነበር፤ የማኅበሩንም ቃል አባይነት አጋለጠ። ከእርሱ በኋላ ግን ብዙዎች ያንኑ ጥያቄ መቶ ዓመት ሙሉ ሲደግሙት፥ ደፋርነት የነበረው ልማድ ሆነ። አዲስ መሆን ብቻውን ምስጋና አይደለም፤ እንግዳ መሆን ብቻውን ጥልቀት አይደለም።

አጨብጫቢውን የሚያሳስተው ፍርሃት ነው። በመምህርነት ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ ተማሪ «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉ አንድ ላይ «አዎን» ይላል፤ በፈተናው ቀን ግን ያልገባው ሁሉ ይገለጣል። «አልገባኝም» የሚለውን ቃል እንደ ነውር ስለምንቈጥረው ከአለማወቅ ወደ ሐሰት እንሸጋገራለን። አለማወቅ በትምህርት ይድናል፤ ሐሰት ግን ትምህርትን ራሱን ይዘጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። በጥበብ ወሬ የሚጠመጠሙ ብዙዎች አሉ፤ ከአንድ ሥዕል ፊት አሥር ደቂቃ የሚቆሙ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ጥፋቱም የተመልካቹ ብቻ አይደለም። ትርኢት የሚያዘጋጁ ሰዎች በግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ የሚጨልም ነው። ረጃጅም ባዕድ ቃላት ተደርድረው ሲያበቁ አንባቢው የሚያውቀው አለማወቁን ብቻ ነው። ሥዕልን በሚገባ ያየ ሰው ያየውን በገበሬ ቋንቋ ሊነግረን ይችላል። ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ፥ መቼና በምን እንደ ሠራው፥ ምን እንዳስጨነቀው በጥሩ አማርኛ አምስት መስመር ቢጻፍ ይበቃል። ከዚያ የቀረው ለተመልካቹ ዓይን ይተው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ትሉኝ እንደ ሆነ፥ በጥቂቱ እመክራችኋለሁ። አንደኛ፥ ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት ሥዕሉን አንብቡ፤ ስምና ዋጋ ኋላ ይደርሳሉ። ሁለተኛ፥ በአንድ ቀን ሁሉን ለማየት አትሩጡ፤ ሦስት ሥዕል መርጣችሁ ብታዩ ሠላሳ ከማለፍ ይሻላል። ሦስተኛ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት ያያችሁትን በቃል ተናገሩ፤ «ይህ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ ቀለም ሌላውን ያፍነዋል፤ እዚህ ባዶ ቦታ ተትቷል» በሉ። ብዙ ጊዜ ሰው የጠላው ያላየውን ነው፤ ሲዘረዝረው ግን ያየዋል። አራተኛ፥ ሐውልት ከሆነ በአንድ ወገን ቆማችሁ አትመለሱ፤ ዙሩት፤ ሐውልት ከፊት የሚናገረውንና ከኋላ የሚናገረውን ይለያያል፤ ብርሃኑም በየወገኑ ይለወጣል። አምስተኛ፥ ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ፤ በሌላ ቀንም ተመለሱበት። በሁለተኛው ቀን አዲስ ነገር የሰጣችሁ ሥራ ሕይወት አለበት፤ በመጀመሪያው ቀን አስደንቆ በሁለተኛው ዝም ያለ ሥራ ቀልድ ወይም ጌጥ ነበር። በመጨረሻም፥ ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ፍረዱ፤ «ይህን ወደድሁት፥ ያን አልወደድሁትም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» በሉ። ምክንያቱን የሚናገር ሰው ቢሳሳት እንኳ ሊታረም ይችላል፤ ያለ ምክንያት የሚያንቋሽሽና ያለ ምክንያት የሚያሞግስ ግን መታረሚያ የለውም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሥዕል የበዛ ድካም ነው የሚል ቢኖር፥ ድካሙ ለሥዕሉ ብቻ አይደለም እለዋለሁ። በኑሯችሁ ቋንቋው ያልገባችሁ ጎረቤት ይገጥማችኋል፤ ልማዱ የሚያስገርማችሁ ሰው በሥራ ቦታ አጠገባችሁ ይቀመጣል፤ አሳቡ ከአሳባችሁ የራቀ ወጣት በጉባኤ መካከል ተነሥቶ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ይሥቅ ይሆናል፥ ወይም ሕዝቡ ሁሉ ያጨበጭብ ይሆናል። ከመሣቅና ከማጨብጨብ በፊት ቆሞ የማየት ልማድ ያላችሁ እንደ ሆነ ያን ሰው አትበድሉትም። ልማዱ ግን በዚያች ሰዓት በድንገት አይገኝም፤ አስቀድሞ፥ ስሕተት ማንንም በማይጐዳበት ቦታ፥ በትዕግሥት መለማመድ ያስፈልጋል። የሙዚየሙ በር ክፍት ነው፤ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁ ሂዱና ከአንድ ሥዕል ፊት ቁሙ።